ሽማግሌዎቹን ያቆመው ሞላ

ልጄ ቀዩን መኪና ከድሬዳዋ ይዞ ከተማችን ጭሮ የገባ ቀን ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ አየው። ባለ ሁለት በር ነው፤ ከፊት ሁለት ሰው፣ ከኋላ ደግሞ ሁለት ቀጫጭን ሰዎች ይይዛል። ለፍጥነት የተሠራ መኪና እንደሆነ ሲነግረኝ ልቤ ድንግጥ አለ። እኔ ልጄ ብስክሌት ሲነዳ እንኳ አጥር ይዤ "ቢስሚላሂ" የምል ሰው ነኝ።

ያ አልበቃ ብሎት ብዙም ሳይቆይ ሞላውን አስቀየረ። ሞላ የመኪናውን ክብደት የሚሸከመው ጥምዝምዝ ብረት ነው፤ ንጥረቱን የሚያበርደው ደግሞ አሞርዛተር። አዲሱ ሁለቱ አንድ ላይ የተገጠሙበት ነው፤ ኮይሎቨር ይሉታል። ቀለበት አለው፤ በመፍቻ ሲያዞሩት መኪናው ዝቅም ከፍም ይላል። "ቀለበቱ ደረሰልኝ" ሲለኝ ሊያገባ መስሎኝ እልል ልል ነበር። እሱ ግን ቀለበቱን ወደ ዝቅታው ብቻ አዞረው። ድመታችን ከመኪናው ሥር መተኛት ተወች።

"ይሄ ነገር ጥቅሙ ምንድን ነው?" አልኩት።

"አዮ" አለኝ፤ እናቱን እንዲህ ነው የሚጠራኝ። "ኩርባ ላይ አያጋድልም። መሬቱን ይይዛል። ስለምትፈሪ ላንቺ ብዬ እኮ ነው።"

"ለእኔ ብለህ ከሆነ ሸጠህ ላም ግዛልኝ።"

ሳላይ ማማት አይሆንም ብዬ ግን እስከ ሂርና አብሬው ሄድኩ። እውነቱን ልናገር፣ ኩርባው ላይ አላጋደለም። በሚኒባስ ስሄድ እንዳያስመልሰኝ ሎሚ አሸታለሁ፤ ያን ቀን ሎሚዬ ከቦርሳዬ ሳይወጣ ደረስን። ጥቅሙ ይህ ነው። ጉዳቱን ደግሞ ወገቤን ጠይቁት። መኪናው ሳንቲም ቢረግጥ፣ ዘውድ ይሁን ጎፈር በመቀመጫዬ ባወቅኩ ነበር። የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ በመጣ ቁጥር ሆዱ አስፋልቱን ይፍቃል፤ እኔ እግሬን አነሳለታለሁ።

በዚያው ሰሞን ልጄ እውነተኛውን ቀለበት አሰበ። ልጅቷ የበደሳ ከተማ ልጅ ናት፤ አባቷ የቡና ነጋዴ ናቸው። ሽማግሌ ላክን፤ ወንድሜን፣ ጎረቤታችንን ሐጂን፣ እና ከሌላ አገር ተመድበው የመጡትን ረጅሙን መምህር። በሚኒባስ ሄዱ። ሽማግሌ ቃል ሳይሰጠው እንደማይቀመጥ ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። የእኛዎቹ ግን ወፍራሙን ፍራሽ ሲያዩ ጊዜ አልፈጀባቸውም፤ ተዘረፈጡ፤ የቀረበላቸውን ሥጋም በሉ። "እናስብበት" ተባሉና ተመለሱ። ቀጥሎ ሌላ ጠያቂ እንዳለ ሰማን። ልጄ ምግብ ቀነሰ። እኔም አብሬው ቀነስኩ።

ለሁለተኛው ጉዞ ልጄ "በእኔ መኪና ነው የምንሄደው፤ አባቷ ይዩት" አለ። ለመንኩት፤ አልሰማኝም። ሐጂ ከፊት ሲገቡ "ይሄ መኪና ነው ወይስ ምንጣፍ?" አሉ። መምህሩ ከኋላ ሲታጠፉ ጉልበታቸው ጆሯቸው ጋ ደረሰ። ወንድሜ በመስኮቱ "እህቴ፣ ብንሞት ይቅር በይን" ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

እንደተመለሱ የሆነውን የነገረኝ ወንድሜ ነው። ልጄ ውጭ ሲቀር እነሱ ግድግዳ እየያዙ ቤት ገቡ። አባትየው ያንኑ ፍራሽ አሳይተው "ቁጭ በሉ" አሏቸው።

"አንቀመጥም" አሉ ሐጂ።

"ኧረ ተቀመጡ ሐጂ፣ እንግዳ አይቆምም።"

"ወላሂ አንቀመጥም!"

ወንድሜ እንባውን እየጠረገ "ወላሂ ያሉት ከልባቸው አይደለም፤ ከወገባቸው ነው" አለኝ። መምህሩም ከታጠፉበት ገና አልተዘረጉም ነበር፤ አጎንብሰው ቆመዋል። አባትየው ያን ትሕትና ሲያዩ ልባቸው ራራ። "ባለፈው ቶሎ ስትቀመጡ ነገሩን ቀልድ አድርጋችሁት መስሎኝ ነበር። አሁን አየኋችሁ። ልጄን ሰጥቻለሁ" አሉ። ዱዓውም በቁም ተደረገ።

አልሃምዱሊላህ አልኩ። ደስታዬ ግን አልቆየም። አባትየው ኒካህ ሳይታሰር ቤታችንን ማየት ፈለጉና "ልጁ በዚያ በቀዩ መኪናው ይውሰደኝ" ብለው ላኩ። በዚያ መኪና ከተቀመጡ ሽማግሌዎቹ ለምን እንደቆሙ ሊገባቸው ነው! ሮጬ ልጄ ጋ ሄድኩ።

"ቀለበቱን አዙር! ከፍ አድርገው!"

"አዮ፣ ከፍ ካለ ቅርጹ ይበላሻል።"

"ቅርጹ ይበላሽ፣ ኒካህህ አይበላሽ!"

እያጉረመረመ አዞረ። እኔም መሬት ተቀምጬ ስንዝሬ ከሥሩ እስኪገባ ድረስ "ገና ነው" አልኩት።

በቀጠሮው ቀን ሐጂን ጠርቼ፣ ፍራሽ አንጥፌ ጠበቅኩ። መኪናው መጣ። አባትየው ቀስ ብለው ወጡ፤ ቀስ ብለው ገቡ፤ በሩ ጋ ቆሙ።

"ይቀመጡ እንጂ" አልኳቸው።

"ትንሽ ልቁም።"

እጃቸው ወገባቸው ላይ ነበር፤ ለካ ሞላው ከፍ ቢልም ድርቀቱ አልለቀቀም። ወደ ሐጂ ዞሩ። "ሐጂ፣ ያን ቀን የመጣችሁት በዚሁ ነው?"

ሐጂ ጣሪያውን አዩ። "በዚሁ ነው።"

"እኔ እኮ የቆማችሁት ለልጄ ክብር መስሎኝ!"

እኔ የያዝኩትን ሻይ ቶሎ ብዬ ሰጠኋቸው። ሐጂ ግን ፍራሹን ደገፍ ብለው "ለክብሯ ነው እንጂ! ለክብሯ ባይሆን ሰው እንዲህ ያለ መኪና ውስጥ ይገባል?" አሉ።

አባትየው ግድግዳውን ይዘው እስኪያስላቸው ሳቁ። ሻያቸውን በቁማቸው ጠጡና፣ ቃላቸውን ሳያጥፉ፣ በሚኒባስ ወደ በደሳ ተመለሱ።