በላስቲክ የታሰረው ሰደፍ

ያ ዓርብ እንደ ሌላው ዓርብ ነበር። ስለዚህ ብዙውን አላስታውሰውም። ነጠላ ጫማዬን እየፈለግሁ እንደነበር ግን አስታውሳለሁ።

አንዱ እግር አለ፤ ሌላው የለም። ሱዳን፣ ቡሪ ሰፈር ውስጥ ከሌሎች ሐበሾች ጋር በምንኖርበት ግቢ አልጋ ሥር አየሁ፣ ከውሃው በርሜል ኋላ አየሁ። የለም። ተውኩትና የቆዳ ጫማዬን አድርጌ፣ የወንድሜን ምሳ ይዤ በሀፍላ፣ በከተማው አውቶቡስ፣ አባይን አልፌ ወደ ባሕሪ ሰፈር ተሻገርኩ። ወንድሜ የሚሠራበት ወርሻ፣ የጠመንጃ መጠገኛው ቤት፣ ስገባ ጫማዬ የሥራ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ሶሉ በቢላ ተሰነጣጥቆ በየስንጥቁ ውስጥ የጠመንጃ ሞላ፣ ቡሎንና ቀጫጭን የብረት ካስማ ተሰክቶበታል።

«ይኼ የኔ ነው!» አልኩት።

«ነበር» አለ ወንድሜ፣ ቀና ሳይል። «አሁን ሥራ ይዟል። አንተም ሥራ ላይ እንደሱ ዝም ብትል ጥሩ ነበር።»

«አንድ እግር ብቻ ምን ላደርገው ነው?»

«አንካሳ ፈልግና ስጠው።»

ከዚያ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። አሁን ቢሆን እስቅ ነበር።

ወርሻው የአንድ ሱዳናዊ ሽማግሌ ነው። ኡስታ እንላቸው ነበር፤ ባለሙያ ማለት ነው። ሩኽሳ ያላቸው ሰዎች፣ የመንግሥት ፈቃድ ያላቸው ማለቴ ነው፣ የአደንና የዘበኛ ጠመንጃ ያመጡላቸዋል። ወንድሜ ደግሞ እሳቸው ጋ ይሠራል። እኔ ሁለተኛ ደረጃ ጨርሼ አርካዊት ሰፈር ስልክ የሚጠገንበት ሱቅ እሠራ ነበር። ዓርብ እኔም እረፍት ነኝ፣ ወርሻውም ዝግ ነው። ኡስታ ግን ቁልፉን ለወንድሜ ይተዉለታል። የወንድሜ ሱሪ ኪስ ሁልጊዜ ቀዳዳ ስለሆነ ቁልፉን የምይዘው እኔ ነበርኩ።

ዓርብ ዓርብ የሚሠራው ጠመንጃ አይደለም። የጠመንጃ መያዣ ነው። ይህን ለሰው ሳስረዳ እቸገራለሁ። ሞርሳው፣ ሥራውን ጨብጦ የሚይዘው መሣሪያ፣ ብረት ነው፣ ጥርስ አለው። አፈሙዝ ራቁቱን ከያዝክበት ይነክሰዋል፤ የነከሰበት ደግሞ አይጠፋም። ስለዚህ ወንድሜ ለየጠመንጃው ዓይነት የእንጨት መንጋጋ ይሠራል። ሁለት ቁራጭ፣ መሐሉ በአፈሙዙ ልክ የተቦረቦረ። መጀመሪያ ከማንጎ ሳጥን ሠራው፤ ተሰነጠቀ። ኋላ ሰንጥ ከሚሉት የአባይ ዳር ግራር ሠራው፤ ያ ያዘ። ልኩን የሚያገኘው በጥላሸት ነው። የኩራዝ ጥላሸት በዘይት ለውሶ አፈሙዙን ይቀባዋል፤ እንጨቱን ይጫንበታል፤ ያነሳዋል። የጠቆረውን ቦታ ብቻ ይፍቃል። እንደገና ይጫናል። እንደገና ይፍቃል። እንጨቱ ከዳር እስከ ዳር እኩል ሲጠቁር፣ በቃ፣ ገጠመ ማለት ነው። ከዚያ ውስጡን ቆዳ ያለብሰዋል፤ ሁለቱ እንዳይለያዩ በሲባጎ አስሮ መደርደሪያው ላይ ያስቀምጣል። ቤት ሲመጣ ጥፍሩ ሁልጊዜ ጥቁር ነው። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ እጁን ነጠላው ውስጥ ይደብቅ ነበር።

የዚያን ዓርብ ሥራ ግን መንጋጋ አልነበረም። ከምሥራቅ በኩል የመጡ አንድ ሽማግሌ የአባታቸውን ጠመንጃ አምጥተው ነበር። ሰደፉ አንገቱ ላይ ተሰንጥቋል። «ባይተኩስም አይከፋኝም፣ ብቻ አንገቱን መልሱልኝ» ብለው ነበር። ቅዳሜ ሊወስዱት ነው። ጎባጣ ስለሆነ ሞርሳ አይዘውም። ወንድሜ አሮጌ ብርድ ልብስ የተነጠፈበት የእንጨት መታቀፊያ ሠርቶለታል፤ ሕፃን የሚያስተኛ ይመስላል። ሰደፉን እዚያ አስተኝተን ስንጥቁ ውስጥ ኮላ አስገባን። ከዚያ ከብስክሌት ጎማ የተቀደደ የውስጥ ላስቲክ እየለጠጠ ይጠመጥምበት ጀመር። እኔ እይዛለሁ፣ እሱ ይጠመጥማል።

«አጥብቀህ ያዝ! ስልክ አይደለም እኮ የያዝከው።»

«ይዣለሁ፣ ኡስታ።» ሳበሽቀው እንደዚያ ነበር የምጠራው።

«ኡስታ የሚባለው ሲሸብት ነው። እኔ ገና ነኝ።»

ከጠመጠመ በኋላ ቆመ። ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን ፌስታል አየና ራሱን ያዘ። ፌስታሉ ከላስቲኩ በታች መሆን ነበረበት፤ ኮላው ላስቲኩን እንዳይዘው። ስናወራ ረስተነዋል። ቢፈታው ስንጥቁ ይከፈታል። ቢተወው ላስቲኩ ይጣበቃል።

«ይደር» አለ በመጨረሻ። «ነገ ጠዋት ግን የጣራው ቆርቆሮ ሳይግል መፈታት አለበት። ሙቀት ካገኘው ላስቲኩ ከኮላው ጋር ይበስላል፤ ሲላቀቅ የእንጨቱን ፊት ይዞት ይነሳል። የሽማግሌው አባት ከመቃብር ተነሥቶ ነው የሚገርፈኝ።»

ዳር ላይ ቋጥሮ ቋጠሮውን በአውራ ጣቱ ጫን አደረገው። ዘጋን። ቁልፉን እኔ ያዝኩ። ሀፍላው መቆሚያ ስንደርስ ወደ ገበያው ዞረ።

«የት ነው?»

«ጫማህን ልተካልህ። አንተ ግባ፤ እንጀራ ጨርሰህ እንዳትጠብቀኝ ብቻ።»

«ሰማያዊ ይሁን» አልኩት። የነገርኩት የመጨረሻ ቃል ይህ ነው። ሰማያዊ ይሁን።

ገበያው ጋ መንገድ ሲሻገር ነው መኪና የገጨው። ይህን ኋላ ነው ያወቅሁት። ጫማውን ገዝቶ ይሁን ሳይገዛ አላውቅም። ማንም አላነሳልኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም።

ሲመሽ የግቢያችን ትልቅ ሰው ጋሼና እናት የሆነችን እትዬ ወደ ክፍላችን መጡ። ጋሼ ቆመው፣ «ወንድምህን መኪና እግሩን ትንሽ ነክቶታል። ሐኪም ቤት ይደር ተብሏል። ሌሊት አያስገቡም» አሉኝ። ልሂድ አልኩ። «ነገ አብረን እንሄዳለን፣ ኢንሻአላህ» አሉ። እትዬ ፍራሿን አምጥታ በራችን ሥር አነጠፈች። ራት አቀረበችልኝ፤ ራሷ ግን አልቀመሰችም።

በእኛ ዘንድ መርዶ በምሽት አይነገርም። ሰው ሌሊቱን ብቻውን ከሐዘን ጋር እንዳያድር፣ ሲነጋ፣ ትልልቅ ሰዎች ተሰብስበው፣ አስቀምጠውህ ነው የሚነግሩህ። ይህን ከልጅነቴ አውቃለሁ። «ታዲያ ያን ምሽት አልገባህም?» ይሉኛል። እንዴት ልበል። የገባኝ ነገር ነበር፤ ግን እንዲገባኝ አልፈቀድኩለትም። እግሩን ነው፣ ትንሽ ነው፣ እያልኩ ነጋ።

ሲነጋ የታየኝ ላስቲኩ ነው። ወንድሜ አልጋ ላይ ሆኖ ስለ እግሩ ሳይሆን ስለ ላስቲኩ እንደሚጠይቀኝ ታየኝ። ፈታኸው? ሊለኝ ነው። እትዬ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ጠብቄ ቁልፉን ይዤ ወጣሁ። የጋሼ ክፍል በር ላይ የማላውቃቸው ጫማዎች ተደርድረው ነበር። አየኋቸውና አለፍኳቸው።

ድልድዩን ስንሻገር ሀፍላው ውስጥ ሰው ይስቃል፣ ረዳቱ ይጮኻል፣ አንዱ በስልክ ከሚስቱ ጋር ይከራከራል። እኔ መስኮቱን ይዤ ፀሐይዋን ነበር የማየው። ቆርቆሮው ሳይግል። ቆርቆሮው ሳይግል።

ከፈትኩ። ሁሉም እንደተውነው ነው። ሰደፉ መታቀፊያው ውስጥ ተኝቷል፤ ጫማዬ ሞላዎቹን ይዞ ተቀምጧል። ቋጠሮው ጠብቆ ነበር፤ በጥርሴ ነው ያላላሁት። ከዚያ ቀስ እያልኩ መፍታት ጀመርኩ። ኮላ በነካበት ቦታ ላስቲኩ እንቢ ይላል፤ ሳብ፣ ቆም፣ እንደገና ሳብ አደርገዋለሁ። በላስቲኩ ላይ የወንድሜ ጣት ጥላሸት በየዙሩ አለ። እኔ ስፈታው አሻራው ከእንጨቱ እየተነሣ ይመጣል።

ግማሽ ስደርስ ኡስታ በሩ ላይ ቆሙ። ሌሊት ከግቢያችን ደውለውላቸው ኖሯል። እሳቸው የእኛን ወግ ከየት ያውቁታል? ወንድሙ ነኝና ቀድሜ የሰማሁ መስሏቸዋል። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው የቁርኣን መክፈቻ የሆነውን ፋቲሓ ደገሙ። ከዚያ፣ «አልበረካ ፊኩም፣ ያ ወለዲ» አሉኝ። ሱዳን ውስጥ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ልጄ፣ በረከቱ ለእናንተ ለቀሪዎቹ ይሁን ማለት ነው። ሰው ሞቶበት ለቀረ ብቻ ነው የሚባለው።

ቀና ብዬ አየኋቸው። ፊቴን ሲያዩ አለማወቄን አወቁ። እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

«ማንም... አልነገረህም?» አሉ።

 እጄ ላስቲኩን እንደለጠጠ ነበር፤ ብለቀው ይፈናጠራል፤ የእንጨቱን ፊት ይገነጥላል። ስለዚህ ያዝኩት። ከዚያ የቀረውን ፈታሁ። ዙር በዙር። ኡስታ መጥተው ሰደፉን ከወዲያ በኩል ደገፉልኝ፤ ትናንት እኔ እንደያዝኩት።  የመጨረሻው ዙር ሲነሣ አንገቱን በአውራ ጣቴ ጫን አደረግሁት። አልተነቃነቀም። ስንጥቁ የት እንደነበረ ለማግኘት ጥፍሬን ማስኬድ ነበረብኝ።

ላስቲኩን ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩ። ቁልፉን ለኡስታ ሰጠኋቸው። «ላድርስህ» አሉ፤ አይሆንም አልኩ። እንዴት እንደተሻገርኩ አላውቅም።

ግቢ ስገባ እትዬ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ደጅ ለደጅ ትፈልገኝ ነበር። ስታየኝ ነጠላውን ገፍፋ ወደ ኋላዋ ደበቀችው። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ክፍላችን ውስጥ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ጋሼ ቦታ ለቀቁልኝ፤ የወንድሜ አልጋ ጫፍ ላይ። ከሁሉም ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።  ሌሊቱን ሙሉ ምን ብለው እንደሚጀምሩ ሲያስቡ ያደሩ ይመስላሉ።

«ልጄ፣ የት ሄደህ ነበር?» አሉ።

«ሥራ ነበረኝ» አልኩ።

«እንግዲህ... አንተ አሁን ትልቅ ሰው ነህ። የምንነግርህን በርትተህ ስማን።»

ሰምቻለሁ ልላቸው እችል ነበር። አላልኩም። እጄን ኪሴ ውስጥ ላስቲኩ ላይ አድርጌ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንደ አዲስ ሰማኋቸው። ያለቀስኩት ሲጨርሱ ነው።