ላስቲኩ ያልተላጠበት ቤት

የሰፈሩ ሰው «ላስቲኩ» ይለዋል፤ እውነተኛ ስሙን የሚያውቅ ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። በአንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ኃላፊ ነው። ዕቃ ተረክቦ ይቆልፋል፤ ዕቃ ሊወስድ የመጣውን ሁሉ እንደ ሌባ ያያል። ቤቱም ሲገባ ያው ነው። ሶፋው ከሱቅ በመጣበት ላስቲክ እንደተጠቀለለ እንግዳ በተቀመጠበት ቁጥር ይንጫጫል። ፍሪጁ ላይ ፋብሪካ የለጠፈው ስስ ላስቲክ ጠርዙ ጠቁሮ፣ እንደ ቁስል ቅርፊት እየተነሣ፣ ዛሬም አለ። «አዲስ ዕቃ አዲስ ሆኖ ይኑር» ይላል። ዕድሜው ግን በላስቲኩ ሥር ሲያረጅ አላየውም።

ሚስቱ የሰርግ ቪዲዮ ኤዲተር ናት። ፎቶ ቤቱ የቀረጸውን ይልክላታል፤ እሷ ጓዳዋ ቁጭ ብላ ትቆርጣለች፣ ትቀጥላለች፣ ዘፈን ታስገባለች። በወጣትነቷ ሲያዳምጧት ልብ የሚያባባ ድምፅ ነበራት። አሁን የሰው ሙሽራ በሰው ዘፈን ታስጨፍራለች። የራሷ ሰርግ ዲስክ ከነማሸጊያው ቁም ሣጥን ውስጥ ተኝቷል። አንድ ቀን ታይቶ አያውቅም፤ ባሏ «ይጫራል» ይላላ!

ያን ቀን አሮጌው ዴስክቶፕ ኮምፒውተሯ አመፀ። ያለቀውን ቪዲዮ አጠናቅሮ እንዲያወጣ ባዘዘችው ቁጥር ጥቂት ይጓዝና ድርግም! የሙሽራይቱ እናት ደግሞ ማምሻውን መጥተው ሊወስዱ ነው። ፎቶ ቤቱም ቁርጡን ነግሯታል፦ «ዛሬ ካላስረከብሽ ከእንግዲህ ሥራውን ለሌላ ሰው ነው የምሰጠው።» ሌላ እንጀራ የላትም።

የሙቀት መለኪያ ፕሮግራሙን ከፈተች። የኮምፒውተሩ አንጎል፣ ፕሮሰሰሩ፣ ሥራ ሳይጀምር ሰማንያ ዲግሪ ነው፤ ሥራ ሲነካ መቶ ሊገባ ይንደረደርና ራሱን ያጠፋል።

«ባለፈው ሳምንት የኮምፒውተሩን ማቀዝቀዣ አዲስ አድርጌልሽ፣ ገና ይሞቃል ትያለሽ?» አለ ላስቲኩ፣ ሶፋው ላይ እየተንጫጫ። የድሮው ፋን ሲንኳኳ ባለሙያ እንጥራ ብትለው፣ «እኔ እያለሁ?» ብሎ ካቻቢቴ ይዞ የገጠመው እሱ ነው።

«እንዲያውም ከቀየርከው ወዲህ ነው የባሰበት።»

«አሃ፣ ጥፋቱ የእኔ ሆነ! መስኮት ዘግተሽ ትውያለሽ፤ ደግሞ ይሄ ሁሉ ዘፈን! ዘፈን እኮ ኮምፒውተር ያግላል።»

«ዘፈን ያግላል?»

«ጭፈራ ካለበትማ!»

መስኮቱን ከፈተች። የኮምፒውተሩን ጎን ነቅላ አቧራውን በብሩሽ ጠረገች። ፋኑ ይሽከረከራል፤ ሙቀቱ ግን ወይ ፍንክች። ላስቲኩ ሊረዳት የጠረጴዛ ማራገቢያ ይዞ መጣ፤ ከነላስቲኩ።

«አውልቀው እንጂ አንተ ሰውዬ!»

«ከኋላ በኩል ክፍት ነው እኮ።»

ማራገቢያው ሲነሣ የተጠቀለለበት ላስቲክ እንደ በላተኛ ሆድ ተነፋ፤ ከዚያ ወዲያ የሚወጣ ነፋስ አልነበረም።

ሚስትየዋ ማራገቢያውን አጥፍታ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች። መለኪያው ዘጠና ሲል የማቀዝቀዣውን ብረት በጣቷ ነካ አደረገችው። ቀዝቃዛ ነው፤ እሳት ላይ ተጥዶ ያልሞቀ ድስት። ያ ብረት ሙቀቱን ከፕሮሰሰሩ ተቀብሎ ለፋኑ ማቀበል ነበረበት። እሱ ካልሞቀ አልደረሰውም ማለት ነው። መሃላቸው የገባ ነገር አለ።

ኮምፒውተሩን አጠፋች፤ ገመዱን ነቀለች፤ ማቀዝቀዣውን ፈታ ገለበጠችው። ፕሮሰሰሩ ላይ በሚያርፈው ፊቱ ስስ ላስቲክ ተለጥፎበታል። ላዩ ላይ በቀይ ተጽፏል፦ «ከመግጠምዎ በፊት ያንሡ።»

«ይሄን አላየኸውም?»

«እንዴት አላየውም? ዕውር ነኝ?»

«ታዲያ?»

«እንደ መስታወት ያብረቀርቃል እኮ! ለምን ይጫር? አውቄ ነው የተውኩት።»

ረስቶት ቢሆን ይቅር ትለው ነበር። ይሄ ግን መርሳት አይደለም፤ ሃይማኖት ነው።

«አብሮት የመጣው ግራጫ ቅባትስ? መሃላቸው የሚቀባው?»

ከቁም ሣጥኑ፣ ከሰርጉ ዲስክ ጎን፣ ሳይከፈት አመጣው። «ለክፉ ቀን ብዬ ነው።»

«ክፉ ቀንማ መጥቶ ሶፋህ ላይ ተቀምጧል! ሲንጫጫ አትሰማውም?»

ስሱን ላስቲክ ከብረቱ ላይ ላጠችው። ፕሮሰሰሩን አጽድታ ቅባቱን የምስር ፍሬ ታህል ጠብ አደረገችበት፤ ማቀዝቀዣውን መልሳ አጥብቃ አሰረች። ኮምፒውተሩ ሲነሣ መለኪያው አርባም አልሞላ፤ ቪዲዮውን ሲያጠናቅር ስልሳ አምስት ላይ ደርሶ እዚያው ረጋ። አጠገቡ ቁጭ ብላ ሳይታወቃት ማንጎራጎር ጀመረች፦

*ያልለበሱት ልብስ ብል ይጨርሰዋል፤*
*ያልዘፈኑት ፍቅር ማን ይወርሰዋል።*

ላስቲኩ የተላጠችውን ቁራጭ ከጠረጴዛው አንሥቶ በሸሚዙ ጠረገና አጣጥፎ ኪሱ ከተተ።

ማምሻውን የሙሽራይቱ እናት መጥተው ሶፋው ላይ ተቀመጡ። ሶፋው ተንጫጫ።

«ውይ፣ አዲስ ገዛችሁ? እንኳን ደስ ያላችሁ!»

ላስቲኩ ደረቱን ነፋ።

«አሥር ዓመቱ ነው፣ እናቴ» አለች ሚስትየዋ፣ ቪዲዮው ያለበትን ፍላሽ እያቀበለቻቸው።

ሴትዮዋ መርቀው ሲወጡ ቀጥ ብላ ወደ ቁም ሣጥኑ ሄደች። የሰርጓን ዲስክ ማሸጊያ በጥርሷ ቀደደችው።

«ኧረ ይጫራል! ኧረ አንቺ ሴትዮ!»

ኮምፒውተሩ ውስጥ ከተተችው። ቬሎ የለበሰች አንዲት ልጅ ዓይኗን ጨፍና፣ አንገቷን ቀና አድርጋ ስትዘፍን ታየች፤ ዝማሬዋ ጓዳውን ሞላው። ሚስትየዋ እጇን ጉሮሮዋ ላይ አደረገች። ከልጅቷ ጎን ሙሽራው፣ መዳፉ እንዳይሰበርበት የሰጋ ይመስል፣ በቀስታ ያጨበጭባል። የሱፉ እጅጌ ላይ የፋብሪካው ምልክት እንደተሰፋ አለ።

«አየሽ?» አለ ላስቲኩ፣ ዓይኑ በኩራት ረጥቦ። «ከነምልክቱ! ዛሬም አልተነካም፤ እንዳለ ተሰቅሏል።»

ያን ሁሉ ዜማ ያፈሰሰችው ለዚህ ሰውዬ ነበር።

«መቀሱ የት ነው?» አለች።

ላስቲኩ ዘሎ ሱፉ ያለበትን ቁም ሣጥን በጀርባው ጋረደ። እሷ ግን ያመራችው ወደ ሶፋው ነበር።