እሺ የሚለውን ዲዛይነር የመረጥሁበት ሳምንት

ሠላሳ ዓመት የመንግሥት መጋዘን ጠብቄ ጡረታ ስወጣ፣ ደጃፌ ላይ ተቀምጬ ፀሐይ መሞቅ ሲገባኝ ነጋዴ እሆናለሁ ብዬ ተነሣሁ። ላማችንን ሸጥሁ። በዋጋዋ ጥርባ አካባቢ ካሉ ንብ አናቢዎች ማር ገዛሁ፤ ሦስት መቶ ብልቃጥ አስመጥቼ ሞላሁ። ባለቤቴ ጠዋት ጠዋት የማለቢያውን ዕቃ ባዶውን አጥባ፣ የምወጣበት በር ላይ ደፍታ ታስቀምጠዋለች። እኔም ረግጬው እንዳልወድቅ ዘልዬው እወጣለሁ። በዚህ ዕድሜዬ ዝላይ የተማርሁት እንዲህ ነው።

ማሩ እንጅባራ ውስጥ በተከራየኋት አንድ ክፍል ሱቅ ሦስት ወር ተቀመጠ። ይህን ማሰብ የነበረብኝ ላሟ ሳትሸጥ ነበር፤ በእኛ አገር ማር ያማረው ሰው ሱቅ አይሄድም፣ ገጠር ወዳለ ዘመዱ ነው የሚሄደው። ተስፋ ልቆርጥ ስል አንዲት የባሕር ዳር ባለ ሱቅ በሰው በሰው አግኝታኝ መጣች። ቀመሰችና ዓይኗን ጨፈነች። ስትገልጠው ግን ብልቃጡን አየች።

«አባባ፣ ማሩስ ማር ነው» አለችኝ። «ግን እንዲህ ራቁቱን መደርደሪያዬ ላይ አላቆመውም። ደህና ስቲከር አሠርተው ሦስት መቶውንም ቅዳሜ ያምጡልኝ። ያለዚያ ቦታውን ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ።»

ዕለቱ ማክሰኞ ነበር። ሌላ ገዢ አልነበረኝም።

ዳንግላ አንዲት ጎበዝ ግራፊክ ዲዛይነር አለች ሲሉኝ፣ ረቡዕ ጠዋት በሚኒባስ ሄድሁ። ልጅቷ ስገባ ከወንበሯ ብድግ እንኳ አላለችም። ኮምፒውተሯ ላይ እንዳፈጠጠች «ማርዎ ከሌላው ማር በምን ይለያል?» አለችኝ።

«ጥሩ ነው።»

«ሁሉም ጥሩ ነው ነው የሚለው። ማን እንዲገዛልዎት ነው የሚፈልጉት?»

«ሰው ነዋ! ማን ሊገዛልኝ ነው?»

አልሣቀችም። ስቲከሩ ላይ ፎቶዬን እንድታደርግ ስነግራት «አይሆንም» አለች። «ሰው የሚገዛው ማሩን ነው፤ እርስዎን አይደለም።»

«በወጣትነቴ ብታዪኝ እንዲህ አትይም ነበር» ብዬ ወጣሁ። እየቀለድሁ ወጣሁ እንጂ እንደ በርበሬ ነበር የነደድሁት። ፈረስ ስገዛ ጥርሱን ሳላይ፣ ሜዳ ለሜዳ ሳላስሮጥ ገዝቼ አላውቅም። ዲዛይነር ስመርጥ ግን ያየሁት ከወንበሩ መነሣት አለመነሣቱን ብቻ ነው።

ተመልሼ እዚያው እንጅባራ ያገኘሁት ወጣት ዲዛይነር ገና ጥላዬን ሲያይ ተነሣ። ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ጨበጠኝ፤ የራሱን ወንበር ለቀቀልኝ። ለሴት ልጄ ባል የምመርጥ ይመስል፣ ሥራውን ሳላይ በልቤ ጨረስሁ።

«ፎቶዬን መሐሉ ላይ አድርግልኝ» አልሁት።

«እሺ አባቴ።»

«ንብ አበባ ትወዳለች። ዙሪያውን በአበባ ክበበው።»

«እሺ።»

«ሰም የሚገኘውም ከዚያው ከቀፎው ነው። በግራና በቀኝ የበራ ጧፍ ይኑር። የተወለድሁበትን ዓመት ከሥር ጻፍ፤ ዕድሜ ያሳምናል። ከዓመቱ ቀጥሎም ሰረዝ አድርግበት፣ አሁንም አለሁ ለማለት።»

ልጁ ቀና ብሎ አየኝና መልሶ አቀረቀረ። «እሺ አባቴ» አለ።

ሐሙስ ከሰዓት ሦስት መቶውም ስቲከር ታትሞ ደረሰልኝ። ደስ ብሎኝ አንዱን የሱቄ መስተዋት ላይ ለጠፍሁት።

አርብ ጠዋት የእድር ጓደኛዬ እያለከለከ ገባ። ገና ሲያየኝ ግድግዳውን ተደገፈ።

«አለህ እንዴ?»

«አለሁ፤ ምነው?»

«ታዲያ ይሄ ደጅ የለጠፍኸው ምንድን ነው? ለፋፊው ሳይለፍፍ እንዴት አመለጠን ብዬ በባዶ ሆዴ ነው የሮጥሁት!»

«የማር ስቲከር ነው።»

ወጥቶ እንደገና አየውና ተመለሰ። «ማሩ ለተዝካርህ ነው?»

አብሬው ወጣሁና በእሱ ዓይን አየሁት። ፎቶው፣ የአበባው ጉንጉን፣ ጧፉ፣ የተወለድሁበት ዓመት፣ ከዚያ ሰረዙ። የጎደለው የሞትሁበት ዓመት ብቻ ነው። ሣቄ መጣና ከግማሽ ላይ ቀረ። ሦስት መቶ ብልቃጥ ሙሉ ሙት ዓመት ይዤ ነው ባሕር ዳር የምገባው? ቅዳሜ ነገ ነው።

ወደ ወጣቱ ሮጥሁ፤ ሮጥሁ ስል እንግዲህ በባጃጅ ነው። «ልጄ፣ የሙት ዓመት እንደሚመስል አላየህም?»

«አይቻለሁ አባቴ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርኸኝም?»

መሬት መሬት እያየ «አያቴን የሚያህሉ ሰው እንዴት ብዬ ነው የማርመው?» አለኝ።

ምን ይባላል? የመረጥሁትም ለዚሁ ነው። ደግሞ እንደገና ሠርቶልኝ ቢሆን፣ ያዘዝሁትን ሁሉ እሺ ብሎ ሌላ ሬሳ ያወጣልኝ ነበር።

ከዚያው ሚኒባስ ይዤ ዳንግላ ስደርስ ልጅቷ ስቲከሩን ተቀብላ አየችው። ትሥቃለች ብዬ ጠበቅሁ። አለመሣቋ የባሰ አስፈራኝ።

«ላም ሸጬበታለሁ» አልኋት። ለሰው ተናግሬው አላውቅም ነበር። «ነገ ካልደረስሁ አለቀልኝ።»

ወንበር ሳበችልኝ። «እስቲ ይንገሩኝ። የት ነው የተቆረጠው? መቼ? ንቡ ምን ላይ አርፎ?»

ነገርኋት። መስኩ በመጭ አበባ ቢጫ የሚሆንበትን ጊዜ፣ ማሩ በኅዳር መቆረጡን፣ የጥርባ አናቢዎች ለንቡ የሚተዉለትን ድርሻ። እሷ እየሰማች ጻፈች፤ ከጻፈችው ግማሹን ሰረዘች። በመጨረሻ የቀረው አንዲት ቢጫ አበባና ሁለት መስመር ነው፦ «የጥርባ ማር። ከመጭ አበባ፣ በኅዳር የተቆረጠ።» አንድ ነገር ልጨምር አፌን ስከፍት ዓይኗን አየሁና ዘጋሁት።

ልታትም ስትል መብራት ጠፋ።

አራት ሰዓት ሙሉ የሞተውን ማተሚያ እያየሁ ተቀመጥሁ። ተነሥቼ በሩ ላይ እቆማለሁ፤ የጎረቤት አምፖል አያለሁ፤ ተመልሼ እቀመጣለሁ። አሥር ሰዓት ላይ መብራቱ መጣ። ማተሚያው እየተንቋቋ ሲተፋ እኔ በመቀስ እቆርጣለሁ። ስልሳኛው ላይ መብራቱ ተመልሶ ሄደ፤ የመጨረሻው ሚኒባስ እስኪወጣም አልመጣም።

ቅዳሜ ስቲከር የተለጠፈባቸውን ስልሳ ብልቃጥ ብቻ ይዤ ባሕር ዳር ገባሁ። ባለ ሱቋ አንዱን አንሥታ አዟዟረችው። «ይሄማ ያምራል» አለች። ከዚያ ካርቶኖቹን አየች። «ሌላውስ?»

«መብራት...»

«አባባ፣ ሦስት መቶ ነበር የተባባልነው። ሌላው ሰው በመኪና ሙሉ አምጥቷል።» ፊቴን አይታ ይሆናል፣ ድምጿን ዝቅ አደረገችልኝ። «ከታች፣ ወለሉ አጠገብ አሥራ ሁለት ያስገባል። ከተሸጠ እንነጋገራለን።»

ተንበርክኬ አሥራ ሁለቱን አንድ በአንድ ደረደርሁ፤ አበባዋ ወደ ውጭ እንድትታይ አዟዟርኋቸው። ልነሣ ስል ጉልበቴ እንቢ አለ።

«ላንሣዎት አባባ?»

«ቆይ ልጄ፣ ከዚህ ሲያዩት እንዴት እንደሚታይ እየመረመርሁ ነው» አልኋት።

ሁለት ደንበኞች መጡ። አንደኛዋ «ይቅርታ አባቴ» ብላ በትከሻዬ ላይ እጇን ዘረጋችና፣ ከዓይኗ ትክክል ያለውን የሌላውን ሰው ማር አንሥታ ሄደች።