ጉሙ የቀረበት ዓመት

ልጅ ሳለሁ፣ የጥር እረፍት ሲደርስ አባቴ ከአሰላ ይዞኝ ወደ ጭላሎ ተራራ ግርጌ ይወጣና አክስቱ ቤት ትቶኝ ይመለስ ነበር። አክስቱ ዘይነባ ይባላሉ። ሰፈሩ ግን «አኮ» ነበር የሚላቸው፤ በኦሮምኛ አያት እንደ ማለት ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ከእሳቸው እኩል ለመራመድ ሮጥ ሮጥ የሚያሰኙኝ ሴት ነበሩ። ከመግሪብ ሶላት በኋላ ምድጃው ላይ አስታ የሚባለውን የተራራ ቁጥቋጦ ጉቶ ይጭኑና፣ ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰው፣ ፍሙ ደህና አድርጎ እስኪቀላ ድረስ ይጠብቃሉ። ያኔ የጎረቤት ልጆች አንድ በአንድ እየገቡ ይቀመጣሉ፤ በበሩ ስንጥቅ በሚገባው ነፋስ ኩራዙ ይርገበገባል፤ የአኮም ጥላ ግድግዳውን አልፎ ጣሪያው ላይ ይታጠፋል።

ከተረቶቻቸው ሁሉ አብልጬ የምወደው የእሳትንና የጉምን ነበር። ሁለቱ ተራራው ላይ ጎረቤታሞች ነበሩ። እሳት ችኩልና ሆዳም ነው፤ ጉም ደግሞ ዝግ ያለች። ብዙ ከተጣሉ በኋላ ተስማሙ፤ እሳት ጠዋት አሮጌውን አስታ ይበላል፣ ከሰዓት በኋላ ጉም ቀስ ብላ ትወጣና ትከሻውን ነካ አድርጋ «በቃህ» ትለዋለች። እሱም ይተኛል። አኮ እዚህ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው መዳፋቸውን ትከሻዬ ላይ ያሳርፉ ነበር።

ተረቱ ለልጆች ማስተኛ ብቻ እንዳልነበረ የገባኝ ቆይቶ ነው። አስታ ሲያረጅ እንጨት ይሆንና ከብት አይበላውም። ስለዚህ የሰፈሩ ሰው በበጋ ትንሽ ትንሽ ቦታ እየመረጠ ያቃጥለዋል፤ በዝናቡ አዲስ ሣር ይበቅላል። የሚቃጠልበትን ቀን የሚናገሩት አኮ ነበሩ፤ ከአባታቸው የተማሩት ነው። ጉም ሦስት ቀን በተከታታይ ከሰዓት በኋላ ከወጣ፣ በአራተኛው ቀን ጠዋት ይለኮሳል። ጉሙ ማታውን እሳቱን ያስተኛዋል፣ የበልጉ ዝናብም ሩቅ አይሆንም። አኮ ተሳስተው አያውቁም ይባል ነበር።

አሥር ዓመት በሞላኝ በጋ ጉም ሦስት ቀን ወጣ። በሦስተኛው ቀን ጎረቤታቸው ጀማል መጥቶ ደጃፉ ላይ ቆመ። ከብቶቹን ከተራራው ወገብ ላይ በረት ሠርቶ የሚያረባ ወጣት ነበር።

«አኮ፣ ባሳዩኝ ቦታ ነገ ይሁን?»

አኮ ወደ ሰማዩ ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከቱ። «ይሁን» አሉት።

በማግስቱ ጀማል ለኮሰ። ከሰዓት በኋላ ሆነ፤ ጉም አልመጣም። በምትኩ ከተራራው አናት ደረቅ ነፋስ ቁልቁል ወረደ፤ እሳቱም ከአስታው ዘሎ ከጎኑ ወዳለው የጽድ ደን ዞረ። ከደኑ በታች ምንጩ አለ፣ ከምንጩ በታች ደግሞ ቤቶቹ። ሰው ቅጠል እየዘነጠፈ ነበልባሉን ሊመታ ሲሮጥ አኮ መንገዱ ላይ ቆሙ።

«እዚያ አትጠጉ፤ አታሸንፉትም» አሉ። «ደኑን ተዉትና ከምንጩ በላይ መሬቱን ባዶ እናድርገው።»

ሴቱም ወንዱም በመቆፈሪያና በማጭድ ሣሩንና ቁጥቋጦውን እየነቀለ ከገደሉ እስከ ጅረቱ ድረስ ሰፊ ባዶ መሬት አበጀ። እኔ ከሴቶቹ ጋር በጀሪካን ውሃ አመላለስኩ። አኮ በዚያ ዕድሜያቸው ከማንም ቀድመው ይቆፍሩ ነበር። ፀሐይ ስትጠልቅ እሳቱ ባዶው መሬት ዳር ደረሰ፣ ወዲያና ወዲህ አለ፣ ከዚያ የሚበላው አጥቶ ቆመ። ቤቶቹ ተረፉ። ደኑ ግን ነደደ፤ ጀማልም ጥጆቹን ከበረቱ ሊያወጣ ሲታገል ሁለት እጁ ተቃጠለ።

አርብ ዕለት ከጁምዓ በኋላ ሰፈሩ ተሰበሰበ። አንድ ሽማግሌ ተነስተው «ነፋስ ሳያይ ለኩሶ ደኑን ያጠፋው ጀማል ነው፤ ከብቶቹን ከጋራ ግጦሹ ያስወጣ» አሉ። አኮ ይሳሳታሉ ብሎ ያሰበ ስላልነበረ ብዙ ሰው ተስማማ። ጀማል እጆቹ በጨርቅ ተጠቅልለው አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል፤ የአኮን ስም አላነሳም። አኮ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። ከዚያ ተነሱ።

«ጀማል የለኮሰው እኔ ባልኩት ቀን፣ እኔ ባልኩት ቦታ ነው» አሉ። «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

«አኮ፣ እርስዎ እኮ ተሳስተው አያውቁም» አሏቸው ሽማግሌው።

«እኔ የማውቀው አባቴ ያሳየኝን ሰማይ ነው። ያ ሰማይ አሁን የለም። ጉሙ እንደ ድሮው አለመሆኑን ካየሁ ዓመታት አልፈዋል፤ አላውቅም ማለት አሳፍሮኝ ዝም አልኩ። ከእንግዲህ በእኔ ቃል ማንም እንዳይለኩስ።»

ጀማል ፊቱን በክንዱ ሸፍኖ አለቀሰ። ከግጦሹ ይውጣ የሚለውን ነገር ዳግመኛ ያነሳው ሰው አልነበረም።

ዛሬ አሰላ ውስጥ የምተዳደረው ዝናብ፣ ሙቀትና ነፋስ እየለካሁ በመመዝገብ ነው። አኮ በዓይናቸው ያዩትን እኔ በየቀኑ በመዝገብ አየዋለሁ፤ በጋው ይበልጥ ይሞቃል፣ የሞቀው አየር የሣሩንና የቁጥቋጦውን እርጥበት ይመጥጠዋል፣ በልጉም ይዘገያል ወይም ጀምሮ ይቋረጣል። ድሮ በራሱ ጊዜ ይጠፋ የነበረ እሳት አሁን የሚያስቆመው አያገኝም።

ሥራውን በጀመርኩ ሰሞን አኮ ስልክ ደወሉልኝ። ያኔ ዓይናቸው ደክሞ ነበር። «ልጄ፣ መሣሪያሽ ዛሬ ምን ይላል?» አሉኝ። ነገርኳቸው። አየሩ ደረቀ ማለት ምን ማለት እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚለካ፣ ለምን አንዳንዴ እኛም እንደምንሳሳት ጠየቁኝ፤ ያልገባቸውን ሁለቴ አስደገሙኝ። ከዚያ ወዲህ እስኪሞቱ ድረስ በጋ በመጣ ቁጥር በየሳምንቱ ደወሉ። ከእኔ የሰሙትን ለሰፈሩ ይነግራሉ፤ ሰፈሩም እሳቸው ጠይቀው ያመጡትን ነገር አይንቅም ነበርና አየሩ እስኪመች ሳይለኩስ ይጠብቃል።

ከተረቶቻቸው ብዙዎቹ ጠፍተውብኛል። አገር ሁሉ እየመጣ ሲጠይቃቸው የኖሩት ሴትዮ፣ በሰማንያ ዓመታቸው የገዛ ወንድማቸው የልጅ ልጅ ከሆንኩት ከእኔ ለመማር ስልክ ያነሱ እንደነበር ግን አልረሳም። እኔ በዚያ ዕድሜ ያንን ማድረግ እችል እንደሆነ አላውቅም፤ ለመቻል ግን ከአሁኑ እየሞከርኩ ነው።