አባቴ ገጽ ያልገለጡበት ወር

አባቴን መምሬ ፈንታን፣ ከዘመሮ ገበያ ሲመለሱ በቅሎዋ ደንብራ ጣለቻቸው። ጭንቅላታቸው ከድንጋይ ቢጋጭም ደም ጠብ አላለም። «አልተጎዳሁም» አሉ፤ እኛም አመንን። እሳቸው ካሉ ማን ይከራከራል? ግትርነታቸውን አገር ያውቀዋል።

ከዚያ ወዲህ ግን ፀሐይ ይሸሻሉ፣ ከመቀመጫቸው ሲነሡ ግድግዳ ይይዛሉ። ሰሙነ ሕማማት ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። በዚያ ሳምንት ቀኑን ሙሉ የሚነበበውን በደብሩ እንደ እሳቸው የሚያነብ የለም፤ ክብራቸው እሱ ነው። ሆስፒታል እንሂድ ስላቸው እሺ ያሉትም ለመታከም ሳይሆን «ጤነኛ ነዎት» የሚል ቃል ከሐኪም አፍ ለመስማት ነበር።

ዶክተር ሀስና ከኮምፒውተሩ ሥር የተገጠመች ትንሽ ካሜራ አሳየችን። ካሜራዋ ዓይን የት የት እንደሚሄድ ትከታተላለች፤ ጭንቅላት ሲመታ ዓይን አካሄዱን ሊስት ስለሚችል ለምርመራው ታግዛለች። አባቴ «ከጸሎት መጽሐፌ በቀር ሌላ አላነብም» ስላሉ፣ ዶክተሯ አንዱን ገጽ በስልኳ አንሥታ ስክሪኑ ላይ አወጣችው።

ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ። አንድም ቃል ሳይሳሳቱ ጨረሱ። እኔማ ደስ ብሎኝ ቦርሳዬን አነሣሁ።

ዶክተሯ ግን ስክሪኑን ወደ እኛ አዞረችው። ዓይናቸው ያረፈበት ሁሉ በቀይ ነጥብ ይታያል። ነጥቦቹ ከጽሑፉ ውጭ፣ ገጹ ጥግ ላይ ተከምረዋል።

«አባ፣ ያነበቡት ከየት ነው?» አለች ቀስ ብላ።

አባቴ አንገታቸውን ደፉ። «በቃሌ ነው ልጄ። መስመሩ ይዘልብኛል፤ ፊደሉ ሁለት ሁለት ይሆንብኛል። እግዜር ንባቡን የወሰደብኝ መስሎኝ ለሰው መናገር አፈርኩ።»

እኔ ቀየት ከተማ አስተማሪ ነኝ፤ ሸምድዶ ያነበበ የሚመስል ተማሪ አያመልጠኝም። አባቴ ግን አመለጡኝ።

ዶክተሯ ሌላውንም ምርመራ ጨርሳ፣ «ማንም አልወሰደብዎትም» አለቻቸው። «አንጎልዎ በምቱ ተናውጦ ነው። አብዛኛው ሰው ሲያርፍ ይሻለዋል። እስክንገናኝ ድረስ ማንበብም በቅሎም ይቅር።»

«ሕማማትስ?»

«ዘንድሮ ሌሎቹ ያንብቡ፣ እርስዎ ይስሙ።»

በማግስቱ ጠዋት አባቴ መጽሐፉን ከማኅደሩ ሳያወጡ ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ጸሎት የለም፣ ወሬ የለም።

የበግ ጠጉር ትፈትል የነበረችው እናቴ ወይዘሮ አማከለች፣ ጸሎቱን እሳቸው ሁልጊዜ ከሚጀምሩበት ጀመረች። ግዕዙን አንድ በአንድ አወረደችው።

አባቴ አፈጠጡባት። «ማን አስተማረሽ?»

«እርስዎ ነዎት እንጂ። ሠላሳ ዓመት እዚሁ ተቀምጬ ስሰማ።» ከእንዝርቷ ቀና ሳትል ጨመረች፦ «ፊደል ባላውቅም ገጽ ሲገለጥ እሰማለሁ። ወሩን ሙሉ አልገለጡም።»

አባቴ መጽሐፉን ከጭናቸው አንሥተው ለእኔ ሰጡኝና፣ እሷ ካቆመችበት በቃላቸው ቀጠሉ።