ሊማሊሞ ላይ ሁለት ጊዜ ተጣርተን

ከድሬዳዋ የተነሳሁት በነሐሴ፣ ፍልሰታ በገባ ሰሞን ነው። ጉዳዬ አንዲት ወረቀት ነበረች። ባቡር ከሚመላለስበት ሐዲድ ጎን ለሚሠሩ ተቋራጮች የጥንቃቄ ደንብ ሳወጣ ዓመታት አልፈዋል። ከደባርቅ በታች የሊማሊሞን መንገድ የሚሠራው ተቋራጭም፣ የመኪና ምልልስ ሳይቋረጥ ከመንገዱ በላይ ገደል ስለሚቆርጥ፣ ያንኑ ደንቤን እንዲከተል በውሉ ገብቶ ነበር። መከተሉን በዓይኔ አይቼ ልፈርም ነው የምሄደው፤ ካልፈረምሁ ሥራው ይቆማል። እውነቱን ልናገር፣ ደንቤ ከባቡር አልፎ ለመኪና መንገድ መብቃቱ አኩርቶኝ ነበር።

ከጎንደር፣ ጠዋት አንድ ሰዓት

ሚኒባሱ ከአምባ ጊዮርጊስ ጀምሮ ዝናብ እየተቀበለ ዳባት ገባ። እዚያ የተቀቀለ ድንች በአዋዜ በላን፤ በአምስት ብር ሰሃን ሙሉ። ሾፌሩ ወዴት እንደምሄድ ሲሰማ፣ «እመቤቴ፣ ሊማሊሞን በጉም ያላየ አላየውም» አለኝ።

«በጉምማ ምኑ ይታያል?» ስለው ሳቀ።

ከዳባት ወዲያ ያለውን የገብስ ማሳ ጉም ዋጠው። መንገድ ዳር የቆሙ ሰዎች ከወገባቸው በላይ ብቻ እየታዩ ወደ ኋላ ይቀራሉ። ደባርቅ ደረስን። በሆቴሌ ሦስት ብርድ ልብስ ሰጡኝ፤ ሦስቱም አልበቁኝም።

ሊማሊሞ፣ ረፋድ አራት ሰዓት

ምሕረት የሚባለው የተቋራጩ ፎርማን በማግስቱ በፒክአፕ ወሰደኝ። ጠንቃቃ ወጣት ነው፤ ደንቤን በላስቲክ ሸፍኖ ደረት ኪሱ ይዞታል። ከመንገዱ በላይ ክረምቱ ያላላው ቤት የሚያህል ቋጥኝ ተንጠልጥሏል። ሥራው እሱን በኤክስካቫተር ገፍቶ መጣልና ከመንገዱ ላይ መጥረግ ነው።

ሁሉም በደንቡ መሠረት ተደረገ። ከላይም ከታችም ባንዲራ ያዦች የሚመጣውን መኪና አስቆሙ። መሐል የነበሩት መኪኖች ሁሉ መውጣታቸው ተረጋገጠ። የመጨረሻው ተራ የጥሪ ነበር። ምሕረት ከቋጥኙ በላይ፣ ኤክስካቫተሩ አጠገብ ቆሞ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ወደ ጉሙ ጮኸ፦

«መንገድ ላይ ያላችሁ!»

ድምፁ ገደሉን መትቶ ቀጥኖ ተመለሰ። ትንሽ ጠብቆ ደገመ። ምንም የለም። ከዚያ የደንቡን የመጨረሻ መስመር አነበበልኝ፦ «ሁለት ጊዜ ተጠርቶ መልስ ከሌለ ሥራው ይጀመር።» የኤክስካቫተሩ ኦፕሬተር ሞተሩን ሊያስነሳ ቁልፉን ያዘ።

በዚያ ጸጥታ ውስጥ አንዲት ሳል ሰማሁ። አጭር ናት፤ መጨረሻዋ በእጅ የታፈነ ይመስላል።

«ሰማህ?»

«ጭላዳ ዝንጀሮ ነው፤ እንደ ሰው ያስላል» አለ ምሕረት። «ሰው ቢሆንማ ይመልስ ነበር። ደግሞ እኮ ደንቡን የጻፉት እርስዎ ነዎት።»

እውነቱን ነው። ስለ ሳል የጻፍሁት ነገር የለም። ሆኖም ኦፕሬተሩ ቁልፉን እንዲያወጣ አዝዤ ቁልቁል ወረድሁ። ምሕረትም እያጉረመረመ ተከተለኝ።

ጉሙ ውስጥ የራሴን ጫማ አላየውም ነበር። መቶ እርምጃ ያህል ሄድን። ሰው እንዳለ ታውቆኛል፤ ግን ድምፅ የለም፣ ጥላም የለም። ከዚያ ልክ ከቋጥኙ ሥር፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ ዓይኖች አየሁ።

ስምንት ሰዎች ናቸው። ግድግዳውን ተደግፈው በጋቢ ተሸፋፍነው ተቀምጠዋል። መሐላቸው ቃሬዛ ላይ አንዲት ሴት ተኝታለች፤ አጠገቧ ያለችው ልጇ የእናቷን አፍ በነጠላዋ ይዛለች። ከታች ከዛሪማ በኩል በእግር መንገዱ አቋራጭ ወጥተው መንገዱን መሐል ላይ ስለገቡ ባንዲራ ያዦቹ አላዩአቸውም። በሽተኛዋን ደባርቅ ሆስፒታል እያደረሷት ነው።

«ስንጠራ አልሰማችሁም?» ብዬ ጮኽሁ።

ሽማግሌያቸው ቀስ ብለው ተነሱ። «ሰማን እንጂ ልጄ። ሁለቴ ተጠራን። በጉም ውስጥ ሁለቴ ብቻ የሚጠራ ሰው አይደለም፤ አቤት ያለውን ይዞት ይሄዳል። ሰው ከሆነ ይሠልሳል ብለን ሦስተኛውን ስንጠብቅ ነበር።»

ምሕረት ቀና ብሎ ቋጥኙን ለማየት ሞከረ፤ አይታይም። ከዚያ የቃሬዛውን አንድ ጫፍ ተሸከመ። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር፤ የእኔም ከእሱ የተሻለ አይመስለኝም። ሁሉም ከቋጥኙ ሥር ወጡ። በሽተኛዋን በፒክአፑ ደባርቅ አደረስናት።

ድሬዳዋ

አልፈረምሁም። ተቋራጩ ግን አላጠፋም፤ ግዴታውን እኔ እንደጻፍሁለት አንድ በአንድ ፈጽሟል። ለቢሮዬም በደብዳቤ ይህንኑ ገለጽሁ። የደንቤን የመጨረሻ መስመር ሰርዤ፣ «ሰው በእግሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄዶ በዓይኑ አይቶ ይመለስ» ብዬ ተካሁ። ምሕረት አዲሱ ወረቀት ሳይደርሰው፣ ሥራው ቆሞ ሳለ እንኳ ከማግስቱ ጀምሮ ያንን መንገድ ራሱ በእግሩ እንደሚሄድ በስልክ ነገረኝ።

እኔ የተማርሁት ዝም ያለ ሁሉ የለም ማለት እንዳልሆነ ነው። ቤቴ ደርሼም ይህ ትምህርት እንቅልፍ አልሰጠኝም። ያችን መስመር የጻፍኋት ከዘጠኝ ዓመት በፊት ነው። በእነዚህ ዓመታት በሐዲዱ ዳር ስንት ጊዜ ተጣርተን፣ ስንት ጊዜ «መልስ የለም» ብለን ሞተር እንዳስነሳን አላውቅም። ዝም ያለው ማን እንደነበረም አላውቅም።