ሃያ ሁለት ቀለህ

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት በኋላ ኬሚስትሪ እንዳስተምር ወልቂጤ ተመደብኩ። የተከራየሁበት ቤት ባለቤት በጡረታ የወጡ የደን ጠባቂ ነበሩ። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ፤ እሳቸው መምህር ይሉኛል። ቸሃ ውስጥ ታላቅ እህታቸው የሚኖሩበት የእንሰት ማሳ ነበራቸው፤ ፈቃድ ያለው አሮጌ ጠመንጃም ነበራቸው። ጠመንጃው የተያዘው ለአሳማ ነው። የዱር አሳማ አንዴ የእንሰት ሥር ከቀመሰ መመላለሱን አይተውም።

ለዚያ ጠመንጃ የሚሆን ጥይት ከገበያ ጠፍቶ ስለነበር ጋሼ የተኮሱበትን ቀለህ አይጥሉም። ሣር ውስጥ ተንበርክከው ፈልገው ያመጡና አጽድተው እንደገና ባሩድ ይሞሉታል። ሲያጸዱ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ነው። በሎሚ ጭማቂ ይዘፈዝፉታል፣ በአመድ ያሹታል፣ ያጥቡታል፣ መልሰው ያሹታል። ጥላሸቱ ለቆ ቢጫው ሲወጣ ወደ ፀሐይ አዙረው በአንድ ዓይናቸው ውስጡን ያያሉ።

አንድ ቅዳሜ ቆሜ ሳይ ትዕግሥቴ አለቀ።

«ጋሼ፣ ይሄን እኮ ትምህርት ቤት ባለው አሲድ በአሥር ደቂቃ አጸዳልዎታለሁ።»

ቀና ብለው አዩኝ። «አይጎዳውም?»

«ናስ እኮ ነው፤ ምን ይሆናል?»

በዚያው ሳምንት እህታቸው አሳማዎቹ አጥር ጥሰው ገቡ ብለው ልከውባቸው ነበር። ያሳመናቸው ችኮላው ይመስለኛል። ያሏቸውን ሃያ ሁለት ቀለሆች በሙሉ በዱቄት ወተት ጣሳ አድርገው ሰጡኝ። መጀመሪያ በአንዱ ልሞክር ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም።

ሰኞ ጠዋት ቤተ ሙከራ ገብቼ አሲዱ ውስጥ ጨመርኳቸው። ወዲያው ልመለስ ነበር ሐሳቤ። ነገር ግን ርዕሰ መምህሩ ለስብሰባ ጠሩን፤ ስብሰባው እስከ ምሳ ቆየ። ስመለስ ጥላሸቱ የለም፤ ቢጫውም የለም። ሁሉም እንደ ሕፃን ድድ ሮዝ ሆነዋል። ናስ መዳብና ዚንክ ነው፤ አሲዱ ዚንኩን በልቶ መዳቡን ትቶታል። ይህን ከሁለት ወር በፊት ሰሌዳ ላይ ጽፌ አስተምሬያለሁ።

አጥቤ ወሰድኩላቸው። ጋሼ አንዱን አገላበጡትና አፉን በፒንሳ ቀስ ብለው ጫን አሉት። ተሰነጠቀ። ሁለተኛውም ተሰነጠቀ። ሦስተኛውን አልሞከሩም።

«ይሄ ተሞልቶ ቢተኮስ ፊቴ ላይ ነበር የሚፈነዳው» አሉ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ።»

«ለእኔ ብለህ ነው። ግን መምህር፣ ጠይቄህ ነበር።»

ቀለሆቹን ወደ ጣሳው መልሰው ወደ ቤት ገቡ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። የዚያን ቀን ባለቤታቸው ለራት ሲጠሩኝ አሞኛል ብዬ ቀረሁ።

ቅዳሜ አብሬያቸው ቸሃ ሄድኩ። አልጋበዙኝም፤ አትምጣም አላሉኝም። አሳማዎቹ አሥራ አንድ ትልልቅ እንሰት ገነድሰዋል። እህታቸው ከተረፈው ላይ የሚበላውን እየለዩ ነበር። ወንድማቸው ጠመንጃውን እንዳልያዙ ሲያዩ እጃቸውን ጠራርገው ተነሡ።

«የታለ?»

«ጥይት የለም። ቀለሁ አርጅቶ ተሰነጠቀ» አሉ ጋሼ።

እህትየው እኔን አዩ። እኔ መሬት አየሁ።

የቀረው አጥር ማጠር ብቻ ነበር። ቅዳሜን እንጨት ስንቆርጥ ዋልን። እሑድ ጋሼ ጸሎት ቤት ደርሰው ሲመለሱ እስከ ማታ ካስማ ስንተክል ቆየን። መዳፌ ውኃ ቋጠረ። ሚኒባስ ላይ ተጨናንቀን ስንመለስ አላስችል ስላለኝ ጠየቅኳቸው።

«ለምን እኔ እንዳበላሸሁት አልነገሯቸውም?»

«እህቴን አታውቃትም። አንዴ ከያዘች አትለቅም። አንተ ደግሞ ካሁን በኋላም ትመጣለህ።»

እውነታቸውን ነው። ወደ ቡታጅራ እስክዛወር ድረስ አጥር በሚታደስበት ጊዜ ሁሉ ሄጃለሁ። አሳማዎቹም አልቀሩም።